ሞኝና ወረቀት

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባላል። ሲባል የኖረው ሞኝን ለመንቀፍ ነው። እኔ ዛሬ የማነሣው ሞኝን ላመሰግንበት ነው፤ ምክንያቱም ወረቀት የያዘውን ሲለቅ አይቻለሁ። የቤተሰብ ድራማ የሚጻፍበት ወረቀት ከአንዱ ደራሲ እጅ ወጥቶ ሌላው እጅ ሲገባ፣ የያዘውን ስም፣ የያዘውን ኀዘን፣ የያዘውን ቃል ኪዳን እያንጠባጠበ ሲሄድ አይቻለሁ። ሳይለቅ የቀረው ሞኙ ብቻ ነበር። ሞኝ የምለው በድራማ ውስጥ ያለን ቤተሰብ እንደ እውነተኛ ቤተሰብ የተቀበለውን፣ ለሌለ ሰው የሚያለቅሰውን፣ በሌለ ሰው ላይ የሚያኮርፈውን ተመልካች ነው።

ይህን ያየሁት ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 7 ቢስ ውስጥ ነው። የሰፈሩ ስም ለአማርኛ ጆሮ ይከብዳል። «ቢስ» ለእኛ ዕድለ ቢስ፣ መላ ቢስ እያልን የጎደለበትን የምንጠራበት ቃል ነው። በፈረንሳይኛ ግን «ድጋሚ» ማለት ነው፤ አንድ ቁጥር ተይዞ ሳለ ሌላ ሲጨመርበት ያንኑ ደግመው ቢስ ይሉታል። ፈረንሳዮች ቲያትር ቤት ገብተው የወደዱት ነገር ሲያልቅባቸውም «ቢስ! ቢስ!» ብለው ይጮኻሉ፤ እኛ «ይደገም!» እንደምንለው። ስለዚህ የምኖረው ሰባት ይደገም በሚባል ሰፈር ነው፤ ጎረቤቶቼም ይደገም ማለት የሚያውቁ ሰዎች ናቸው።

ሐሙስ ማታ፣ ነገ ዓርብ ሥራ የለም ተብሎ፣ እትዬ ቤት እንሰበሰባለን። እትዬ የምላቸው በአሮጌው ባቡር ከድሬዳዋ የመጡ፣ እንጀራ እየጋገሩ ለሰፈሩ የሚሸጡ ጎረቤቴ ናቸው። ሳሎናቸው ከአራት ፍራሽ በላይ አይዘረጋበትም። በሰው ቤት ሠርተው የሚያድሩ ልጆች አሉ፤ መኪናውን ፒኬ 12 አቁሞ ከወደብ ጭነት የሚጠብቅ ሾፌር አለ፤ እኔ አለሁ። ማራገቢያው የሞቀውን አየር ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ይገፋል። ከእ.ኤ.አ. 2011 ጀምሮ ጅቡቲ ከኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ኃይል ስለምትገዛ፣ ድራማውም ድራማውን የሚያሳየን መብራትም ከአንድ ሀገር የሚመጡ ናቸው። አቦል ሲቀዳ የመክፈቻው ዜማ ይጀምራል፤ ቶና ላይ ሁሉም ዝም ይላል።

የምናየውን ድራማ ስሙን አልጠራውም። ታሪኩ ባሏ የሞተባት እናት ሦስት ልጆቿን ይዛ ቤቷ እንዳይፈርስ የምታደርገው ትግል ነው። በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች አንድ ትንሽ ነገር ነበረች። እናትየዋ ቡና ሲቀዳላት በሁለት ጣቷ ጨው ቆንጠር አድርጋ ትጨምራለች። ታላቂቱ ልጅ «እማዬ፣ አሁንም በጨው?» ትላታለች። እናት መልስ አትሰጥም፤ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው የባሏ ፎቶግራፍ ቀና ትላለች፣ ትጠጣለች። ከዚያ ወዲያ ጨው በታየ ቁጥር ሟቹ ቤቱ ውስጥ አለ ማለት ነው። አንድም ቃል ሳይነገር ይህን ሁሉ የሚያደርግ ሰው ነበር የሚጽፈው።

አንድ ሐሙስ እናትየዋ ተቀመጠች፣ ሲኒው ቀረበላት፣ ሁለት ማንኪያ ስኳር ጨመረች፣ አማሰለች፣ ጠጣች። ወሬዋንም ቀጠለች።

እትዬ ጀበናውን ማቶቱ ላይ አስቀመጡት። «ማናት ይቺ?» አሉ።

«እናትየዋ ናት እኮ፣ እትዬ» አልኳቸው።

«አይደለችም።»

«ድርሰት ነው እኮ፤ ምናልባት ረስተውት ይሆናል።»

«ድርሰት መሆኑን መቼ አጣሁት፣ አንተ ልጅ! ባሏን ረስታለች ነው የምልህ።»

ሾፌሩ ሳቀ። እኔም ፈገግ አልኩ፤ እስከ ዛሬ የምጸጸትበት ፈገግታ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ቀድሜ ሄጄ የመክፈቻውን ጽሑፍ አነበብኩ። «ደራሲ» ከሚለው ቃል ሥር ያለው ስም ተለውጧል። የቆዩትን ክፍሎች ፈልጌ ሳስተያይ፣ ስሙ የተለወጠው በትክክል ስኳሩ በገባበት ክፍል ነበር። እትዬ የመክፈቻውን ጽሑፍ አያነቡም፤ በዚያ ሰዓት ቡና ይቀዳሉ። ደራሲው መሄዱን ያወቁት ከሲኒው ነው።

እኛ ብልጦቹ ይህን ማወቅ አንችልም። ብልጥ ተመልካች «ድርሰት ነው» ብሎ ከመጀመሪያው እጁን ሰብስቧል። ድራማው ከእጁ ሲያመልጠው «ቀዘቀዘ» ይላል፣ ሪሞቱን ያነሣል፣ ወደ ቱርኩ ድራማ ይሻገራል። ከእ.ኤ.አ. 2016 ወዲህ ቃና ወደ አማርኛ እያስመለሰ የሚያሳያቸው የውጭ ድራማዎች ደግሞ ለእንዲህ ያለው ሰው ይመቹታል፤ ወደ አማርኛ ሲመለሱ በአብዛኛው ተጽፈው፣ ተቀርጸው፣ አልቀው የመጡ ናቸውና ደራሲያቸው መንገድ ላይ አይቀርም። የእኛ ድራማ ግን እየተጻፈ የሚታይ፣ እየታየ የሚጻፍ ነው። ብልጡ ሲሄድ ለምን እንደሄደ አይናገርም። ፕሮዲውሰሩ ከእርሱ የሚማረው ነገር የለም። ሞኙ ግን ይቀመጣል፣ ይከራከራል፣ ክሱንም በማስረጃ ያቀርባል፤ በዚህ ቀን፣ በዚህ ሲኒ፣ ሁለት ማንኪያ ስኳር።

ተዋናይ ሲለቅ ሁሉም ያያል። ፊት ነው፣ ድምፅ ነው፤ አይደበቅም። በቤቶች ድራማ ትርፌን ሆና የተጫወተችው ሰብለ ተፈራ በመስከረም 1 ቀን 2008 በመኪና አደጋ ስታርፍ በዓሉ በብዙ ቤት ወደ ለቅሶ ተለወጠ። እውነተኛ ኀዘን ነበር፣ ተገቢም ነበር። ደራሲ ሲለቅ ግን የሚያለቅስለት የለም። ያው ፊት፣ ያው ሳሎን፣ ያው ፎቶግራፍ ግድግዳው ላይ አለ፤ የጎደለው ከፊቱ ጀርባ ያለው ሰው ነው። ሰው ለሰው ሲነሣ አበበ ባልቻ የተጫወተውን አስናቀን የማያስታውስ የለም፤ ደራሲውን መስፍን ጌታቸውን የሚጠራ ስንት ነው? አስናቀን የጠላነው አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ለክፋቱ ምክንያት፣ ለዝምታው ልክ ስለሰጠው ነው። ያ ሰው መሐል ላይ ቢነሣ አስናቀ ጺሙንና ሱፉን እንደያዘ ሌላ ሰው ይሆን ነበር።

አዲሱን ደራሲ ለመክሰስ አይደለም የምጽፈው። የሰው ቤት በሌሊት ገብቶ በጨለማ ወንበር እንደሚፈልግ እንግዳ ነው። ቀረጻው ይጠብቀዋል፣ ተዋንያኑ ስክሪፕት ይጠይቁታል፣ ስፖንሰሩ ቀኑን ቆርጦ ሰጥቷል። የሚረከበው ምንድን ነው? ብዙ ጊዜ የታሪኩን ትልም፣ የገጸ ባሕርያቱን ስምና ዕድሜ፣ ያልተቀረጹ ሁለት ሦስት ክፍሎች። ጨው ትልም ውስጥ አይገባም። ጨው የነበረው በሄደው ሰው ጭንቅላት ውስጥ ነው። ሁለተኛው ልጅ እናቱን ሲዋሽ ለምን በግራ እጁ አንገቱን እንደሚያክ፣ አጎትየው ገንዘብ ሲበደር ለምን ቆሞ እንደሚናገር፣ ማን ከማን ጋር ከስንት ዓመት በፊት ተጣልቶ እንደነበር በወረቀት ላይ የለም። ነባሩ ደራሲ ይህን ሁሉ ሳይጽፈው ያውቀዋል፤ እኛ የገዛ ቤታችንን ሳንጽፈው እንደምናውቅ።

ለዚህም ነው አዲስ ደራሲ የገባበት ድራማ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት መንገድ የሚታመመው። የተበደረ አይከፍልም፣ አበዳሪም አይጠይቅም። ያረገዘች አትወልድም። ኩሩው ሰው በአንድ ምሽት ለፍላፊ ይሆናል፤ ምክንያቱም አዲሱ ደራሲ የእርሱን ዝምታ አያውቀውም፣ የማያውቁትን ዝምታ መጻፍ ደግሞ አይቻልም። ደራሲው ያልገባው ገጸ ባሕርይ ካለም ወደ ውጭ ሀገር ይላካል።

በእኛም ድራማ የሆነው ይኸው ነው። መካከለኛዋ ልጅ፣ የነባሩ ደራሲ ዓይን፣ ሁለት ክፍል ጠፋች። በሦስተኛው ወንድሟ እንጀራ እየቆረሰ «ዓረብ ሀገር ሄደች አይደል» አለ። የተነገረው ይኼው ብቻ ነው። ጎረሰ፣ ታሪኩ ቀጠለ።

እትዬ ቤት ግን ታሪኩ አልቀጠለም። ጥግ ላይ የተቀመጠችው ልጅ፣ ቀኑን ሙሉ የሰው ልብስ አጥባ የመጣችው፣ «በየት በኩል?» ብላ ጠየቀች። ማንም አልመለሰላትም። «በአየር ነው በባሕር?» አለች እንደገና። «እናቷ ታውቃለች? ማን ሸኛት?»

ይህን ጥያቄ ሌላ ቦታ የሚሰማ ሰው ሞኝነት ሊለው ይችላል። ጅቡቲ ውስጥ ግን ዓረብ ሀገር መሄድ ማለት ምን እንደሆነ ይታወቃል። ልጆቹ በእግር ይመጣሉ፤ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር በሚገኘው በዓሳል ሐይቅ አጠገብ፣ ድንጋዩ እንደ ምጣድ በሚግልበት ምድር ያልፋሉ፤ ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ በስተሰሜን ኦቦክ ደርሰው በሌሊት ጀልባ ይጠብቃሉ። ባብ ኤል መንደብን የሚሻገር ይሻገራል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 ብቻ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሁለት ጀልባዎች በዚያው ዳርቻ ተገልብጠው ብዙ ኢትዮጵያውያን አልቀዋል። ያቺ ልጅ ራሷ ባሕሩ ጫፍ ደርሳ የተመለሰች ናት። አንድ ደራሲ የማያውቃትን ልጅ ለማስወገድ የጻፈው አንድ መስመር፣ እርሷ በእግሯ የሄደችበትና እስከ ዛሬ ያልጨረሰችው መንገድ ነው። «በየት በኩል?» ብላ መጠየቋ ከመላው የደራሲዎች ክፍል የተሻለ የድርሰት ዕውቀት ነው እላለሁ። ሰው ከቤት ሲወጣ በር አለ፣ የሸኘ አለ፣ የቀረ ጫማ አለ። ይህን ያላየ ሰው ቤተሰብ ሊጽፍ አይችልም።

የወረቀቱ መልቀቅ የእኛ ብቻ በሽታ እንዳይመስል ከሩቅም ላምጣ። ዳላስ የተባለውን የአሜሪካ ድራማ የቆዩ ሰዎች ያስታውሱታል፤ የነዳጅ ባለጸጎቹ የዩዊንግ ቤተሰብ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 የቤቱን ታናሽ ልጅ ቦቢን የሚጫወተው ፓትሪክ ደፊ ሲለቅ ገጸ ባሕርዩ በመኪና ተገጭቶ ሞተ፣ ተቀበረ። ድራማውን በዕለት ሥራው ሲመራ የነበረው ሌናርድ ካትዝማንም ያንን ዓመት ከሥራው ራቀ፤ ሌሎች እጆች ጻፉት። 31 ክፍል ታየ። ሰው ተጋባ፣ ሰው ተጣላ፣ የቦቢ የቀድሞ ሚስት ፓሜላ ኑሮዋን ቀጠለች። ከዚያ ካትዝማንም ደፊም ተመለሱ። በግንቦት 1986 ፓሜላ ከእንቅልፏ ነቅታ የመታጠቢያ ቤቱን በር ስትከፍት ቦቢ ሻወር እየወሰደ አገኘችው። በመስከረም የተሰጠው ማብራሪያ አንድ ነበር፤ ዓመቱ በሙሉ ሕልሟ ነው። 31ዱም ክፍል ተሰረዘ።

ከዳላስ የወጣ ኖትስ ላንዲንግ የሚባል ሌላ ድራማ ነበር፤ የቦቢ ወንድም ጌሪ የሚኖርበት። እዚያም የቦቢ ሞት ተሰምቶ ነበር፣ ታዝኗል። ዳላስ ሞቱን ሲሰርዝ ኖትስ ላንዲንግ አልሰረዘም። እዚያ ቦቢ እንደሞተ ቀረ። ብዙ ሰው ይህን እንደ ስሕተት ይቆጥረዋል። እኔ ግን ከሁለቱ ቤቶች የማከብረው ኀዘኑን ያልካደውን ነው። አንዴ ያለቀሱለትን ሰው «ሕልም ነበር» ማለት የተመልካቹን ዕንባ መስረቅ ነው። በዚያ ዓመት ዕንባውን ያፈሰሰው ሞኙ እንጂ ብልጡ አልነበረም፤ የተሰረቀውም እርሱ ነው።

ጊልሞር ገርልስ የተሰኘው የእናትና ልጅ ድራማም ፈጣሪው ኤሚ ሸርማን-ፓላዲኖ እ.ኤ.አ. በ2006 በውል ጉዳይ ስትለቅ የመጨረሻውን ዓመት በሌላ እጅ ጨረሰ። እርሷ ከመጀመሪያው በልቧ የያዘችው የመዝጊያ ቃል ነበራት። ተመልካቹም ያንን ቃል አሥር ዓመት ጠበቀ። በ2016 ተመልሳ አራት ክፍል ሠራች፣ ቃሉንም ተናገረች። አሥር ዓመት ያልተባለ ቃል መጠበቅ ሞኝነት ነው ከተባለ፣ ጸሐፊዋን የመለሳት ይኸው ሞኝነት ነው።

በተቃራኒው ደራሲ ሲለዋወጥ ያልፈረሰ ቤትም አለ። ዘ አርቸርስ የሚባለው የቢቢሲ የሬዲዮ ድራማ የአንድን ገበሬ ቤተሰብ ታሪክ ከጥር 1951 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲያወራ ይኸው ዛሬም አለ። ደራሲዎቹ አልቀው በሌሎች ተተክተዋል፣ እነዚያም ተተክተዋል። ቤቱን ያቆመው የተአምር ብዕር አይደለም፤ ማን መቼ ተወለደ፣ ማን ምን አለ፣ የማን ላም የት ሞተች እያለ የሚመዘግብ ሰው ተቀጥሮለት ነበር። የእትዬን ሥራ በደመወዝ የሚሠራ ሰው ማለት ነው።

እኛም ሀገር ረጅም ታሪክ በብዙ እጅ መጻፍ አዲስ አይደለም። «የቀን ቅኝት» የተሰኘው የሬዲዮ ድራማ እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2004 ድረስ በ257 ክፍሎች ተላልፏል። 257 ክፍል በአንድ ሰው ጭንቅላት ተይዞ አይዘለቅም። ደራሲ ይታመማል፣ ይደክመዋል፣ የተሻለ ክፍያ ያገኛል፣ ከፕሮዲውሰሩ ጋር ይጣላል፤ መብቱ ነው። የማይገባው ቤተሰቡን ይዞ መሄዱ፣ ወይም ቤተሰቡን በር ላይ ጥሎ መሄዱ ነው።

«የሞኝ ዘፈን ሁልጊዜ አበባዬ» ይላሉ። እውነት ነው፣ እትዬ ከዚያች ሐሙስ ወዲህ ስለ ጨው ሳያነሡ ውለው አያውቁም። ሾፌሩ ጭነቱን ይዞ አዲስ አበባ ደርሶ ሲመለስ ገና በሩ ላይ ሆኖ «እትዬ፣ ጨው ተመለሰ?» ይላል፤ የሚጠይቀውም ከልቡ ነው፣ ያን ቀን የሳቀው ሰው። ልጅቷም በየሳምንቱ ዓረብ ሀገር የተላከችው ልጅ ስልክ ትደውል እንደሆነ ትጠብቃለች። እኔ እነዚህን ሰዎች ማረም ትቻለሁ። እናት ከስኳር ወደ ጨው ትመለሳለች ብሎ በየሳምንቱ መቀመጥ፣ የጠፋችው ልጅ ትደውላለች ብሎ ማዳመጥ፣ እዚህ ሰፈር ከድራማው ውጭም የሚኖሩበት ነገር ነው። ቤተሰባቸው ሩቅ ነው። ዜናው በሌላ ሰው አፍ ይደርሳቸዋል፤ እናት ታመመች፣ ወንድም አገባ፣ ቤት ተሸጠ፣ ሁሉም በአንድ መስመር። መስመሩ ውስጥ የራሳቸው ሰው ድምፅ አለ ወይስ የለም ብሎ መለየትን እዚህ ተምረውታል።

ፕሮዲውሰሮች ሆይ፣ የምለምናችሁ ከባድ ነገር አይደለም። ደራሲ ሲለቅ ስንብት ብቻ ሳይሆን ርክክብ ይኑር፤ ነባሩ ከአዲሱ ጋር ጥቂት ቀን ይቀመጥ፣ ለቀኖቹም ይከፈለው። አዲሱ አንድ መስመር ከመጻፉ በፊት ያለፉትን ክፍሎች ከአንድ ጀምሮ ይይ። እናንተም እንደ እትዬ ያለ አንድ ሰው ፈልጉ፤ በየሰፈሩ አለ። ደብተር ስጡት፣ ቀረጻው ላይ አስቀምጡት፣ «አይደለችም» ሲል ካሜራውን አቁሙ። ደራሲ ሲለወጥም ንገሩን፤ አናኮርፍም፣ አዲሱን እንኳን ደህና መጣህ ብለን እንቀበለዋለን።

አንተም፣ ስምህን በመክፈቻው ያነበብኩት አዲሱ ደራሲ፣ እዚህ ሰባት ቢስ የሚጠብቁህ ሰዎች አሉ። ልጅቷ የሄደችበትን መንገድ ንገረን። እናትየዋም ቡናዋን የምትጠጣው በጨው ነው።